ከመሃል የሸሸች ቀይ ክር

ኢንስፔክተሩ እማማ ቋጠሮን ያስታወሳቸው ሎጁ ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ ጠይቆ ከጨረሰ በኋላ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከሎጁ ጀርባ ካለው ገደል የወረደ ሰው ሁሉ የተንጠለጠለው እሳቸው ባጠቡት፣ እሳቸው ክንድ በክንድ በዳሰሱት ገመድ ነበር። ሞት ሲመጣ ግን ስለ ገመድ የተጠየቀው የሎጁ ባለቤት ሆነ፤ የገዛ ጫማውን እንኳ በወጉ ማሰር የማይችለው ሰውዬ!

«እማማ፣ እርስዎን ብዙ አላደክምም» አለ ኢንስፔክተሩ ወረቀቱን እያገላበጠ። ረጅም፣ ከሲታ፣ ሽበት ገና ያልጎበኘው ሰው ነው። ማታ የጣለው ዝናብ መንገዱን በናዳ ስለዘጋው ከሁለት ፖሊሶች ጋር በእግሩ ነው የወጣው፤ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሷል።

«ድካሜን ለእኔ ተወው። አንተ ጥያቄህን ጠይቅ።»

«ገመዱ ላይ ያለችውን ቀይ ክር የሰፉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«ዓይንዎ እንዴት ነው?»

እማማ ቋጠሮ ቀና ብለው አዩት። «አንተን ለማየት ይበቃል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ትናንት ረቡዕ ጠዋት የሎጁ ዋና አስጎብኚ፣ ቋጥኝ ላይ ሲወጣ ያየው ሁሉ «ሸረሪት» የሚለው ሰው፣ ከዚሁ ገደል ሊወርድ ተነሳ። ከአፋፉ ሃምሳ አምስት ክንድ ዝቅ ብሎ ጥንብ አንሳ ጎጆዋን የሠራችበት እርከን አለ፤ እዚያ የተተከለውን ካሜራ ሊያይ ነበር። አፋፉ ላይ ባለው የብረት ቀለበት ገመዱን ያሾለከችለት ረዳቱ ሚጣ ናት፤ የእማማ ቋጠሮ የልጅ ልጅ። ገመዱ ቀይዋ ክር ላይ ለሁለት ታጥፎ ግማሹ በዚህ፣ ግማሹ በዚያ ይወርዳል፤ ወራጁም ሁለቱን አንድ ላይ ይዞ ይንሸራተታል። ሁለቱ ወገኖች እኩል ከሆኑ ሰላም ነው። አንዱ ካጠረ ግን ያጠረው ጫፍ ከእጅ ይሾልካል፤ የቀረው ገመድ በቀለበቱ ውስጥ ሮጦ ያልቅና ሰውም ገመድም አብረው ይሄዳሉ። ሸረሪትም እንዲሁ ሄደ። ገመዱ ከሬሳው ላይ እንደ አንጀት ተዘርግፎ ተገኘ።

ሌላ ገደል ቢሆን ገመዱ ጫፍ ላይ ማቆሚያ ቋጠሮ ይታሰር ነበር። ይህ ቋጥኝ ግን ስንጥቅጥቅ ስለሆነ ቋጠሮውን ይነክሰዋል፤ ገመዱም ተጎትቶ አይመለስም። ስለዚህ የዚያ ሎጅ ሰዎች ጫፉን ትተው የሚያምኑት መሃሉን ነው። መሃሉን የምታሳያቸው ደግሞ ቀይዋ ክር ናት።

«ገመዱን ለሁለት አጥፌ አይቼዋለሁ» ቀጠለ ኢንስፔክተሩ። «ክሯ መሃሉ ላይ አይደለችም። ወደ አንድ ወገን አሥር ክንድ ያህል ሸሽታለች።»

«እኔ የሰፋኋት ክር አትሸሽም።»

«የልጅ ልጅዎ እንዲህ አላለችም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «‹አያቴ ክሯን እንደሳተች ካወቀች ሰንብታለች። ክሯን ትተሽ ጫፍ ለጫፍ ገጥመሽ አሹልኪ ብላ ነግራኝ ነበር፤ እኔ ረሳሁ› ብላ ቃሏን ሰጥታ ፈርማለች። አሁን ሻንጣ ክፍል ተቆልፎባታል። ነገ ወደ ከተማ አወርዳታለሁ፤ በቸልተኝነት ሰው በመግደል ትከሰሳለች። እርስዎ እንዲህ ብለዋት ነበር?»

እማማ ቋጠሮ ክው አሉ። ብለዋት አያውቁም። ልጅቱ ለምን እንደዋሸች ግን ወዲያው ገባቸው፤ የአያቷ ዓይን ከድቷል ብላ አምናለች። አያቷ እንዳይታሰሩ የራሷን እጅ ለካቴና ልትሰጥ ነው። ፖሊስ ቢጠራጠራቸው ሥራው ነው፤ ሚጣ መጠራጠሯ ግን አጥንታቸው ድረስ ዘለቀ።

«ብያት አላውቅም።»

«እንግዲያው የተሳሳቱት እርስዎ ነዎት።»

«እኔም አልተሳሳትኩም።»

«እማማ፣ መቼም ከሁለት አንዳችሁ...»

«ለምን ከሁለት አንዳችን? በዚህ ቤት ያለው ሰው ሁለት ብቻ ነው?»

ኢንስፔክተሩ አፉን ከመክፈቱ ከደጅ ድምፅ መጣ። መጋዝ ደረቅ ግንድ ላይ ሲሄድና ሲመለስ የሚያሰማው ዓይነት ነው፤ ኸር፣ ኸር፣ ኸር። ሳሎን ውስጥ የሻይ ብርጭቆ ወድቆ ተሰበረ።

ነብሩ ነው። ከትናንት ጀምሮ በጉሙ ውስጥ ሎጁን ይዞራል። ዛሬ ጠዋት ወጥ ቤቱ ደፍ ላይ የሻይ ሰሃን የሚያክል የእግሩን ዱካ ጥሎ ሄዷል። ፖሊሶቹ ጠመንጃቸውን እንደታቀፉ በር በሩን ያያሉ፤ አንደኛው የከንፈሩን ጥግ በምላሱ ያርሳል።

እማማ ቋጠሮ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አዩ። ፊደል ባይቆጥሩም ሰዓት ያውቃሉ። አሥር ሰዓት ነው። ትናንትም የመጣው አሥር ሰዓት ላይ ነበር።

«በሉ አሻራዎን እዚህ ያኑሩልኝ» አለ ኢንስፔክተሩ የማኅተም ቀለሙን ከፍቶ። የሌሎቹ ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዱ ግርጌ እንደ ትል የተጠማዘዘ ፊርማ አለ። ቀለሙ የመጣው ለእሳቸው ብቻ ነው።

«ገመዱን ሳልዳስስ ጣቴን አልነክርም።»

«ምን ይፈይዳል?»

«አጥፈህ አየኸው እንጂ አልለካኸውም። ስንት ክንድ ነው?»

ኢንስፔክተሩ ሞኝ አልነበረም። ብዕሩን አስቀመጠና ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸውን በደንብ ተመለከተ። «ይምጡ» አለ።

ሸረሪትን በድንኳን ጨርቅ ሸፍነው ያስተኙት የእንግዶች ጫማ በሚደረደርበት ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሉ እርጥብ ቆዳ፣ እርጥብ ቆዳም ብቻ ሳይሆን ሌላም ነገር ይሸታል። እማማ ቋጠሮ እግሩ ሥር ቆመው አንገታቸውን ሰበሩ። «ትንሽ ታገሠኝ፣ ልጄ» አሉት። ከዚያ መሬት ቁጭ ብለው ገመዱን ከክርናቸው እስከ ጣታቸው ጫፍ እየለኩ ይጎትቱት ጀመር። ኢንስፔክተሩ ሳይቸኩል ጠበቃቸው።

«መቶ» አሉ ሲጨርሱ። «መቶ ሃያ ነበር። እሑድ ሸረሪትና ሚጣ አራት እንግዶች አውርደውበታል፤ ሁለቱም ወገን እርከኑን አልፎ ይተርፍ ነበር። ሃያ ክንድ ከእሑድ ወዲህ የት ገባ?»

«ተቆርጧል ነው የሚሉኝ?»

«ከአንድ ወገን ብቻ። ክሬ ስልሳ ላይ ነበረች፤ አሁንም በአንድ በኩል ስልሳ ናት። በሌላው በኩል አርባ ቀርታለች። እሷ ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም፤ የተነቀነቀው ጫፉ ነው። በል ዓይንህን ጨፍን።»

«እ?»

«ጨፍን አልኩህ! የሚያታልልህ እሱ ነው።»

ኢንስፔክተሩ እንደ ተማሪ ጨፈነ። እማማ ቋጠሮ አውራ ጣቱን ይዘው አንደኛው ጫፍ ላይ አሳረፉት።

«ይህ የእኔ ሥራ ነው። ናይለኑን በእሳት አቀልጥና በእርጥብ ጨርቅ እጨምቀዋለሁ፤ ድቡልቡል ይላል። እንዳይተረተር በክር እጠመጥመዋለሁ። ክሩን የምበጥሰው በጥርሴ ነው፤ መቀስ ይዤ አላውቅም። እንደ ጢም ተንጨባሯል፤ ተሰማህ?»

«ተሰማኝ።»

«አሁን ይሄኛውን።»

የኢንስፔክተሩ አውራ ጣት ሁለተኛው ጫፍ ላይ ሲያርፍ ጎድጓዳ ውስጥ ገብቶ ልክክ አለ። ዓይኑን በድንጋጤ ገለጠ።

«ጣት ነው! በጣት ነው የተጨመቀው።»

«ናይለኑ እንደጋለ። ክሩም በስለት ነው የተቆረጠው። ክሬን ሰርቆ፣ አጠማጠሜን አስመስሎ፣ ተጨንቆ ነው የሠራው። ግን ገመድ ሲሠራ ቆሞ አይቶ አያውቅም። ገመድ የሚያውቅ ሰው የቀለጠ ናይለን በጣቱ አይነካም፤ ከተጣበቀ ቆዳ ይዞ ነው የሚነሳው።»

«የገመድ ክፍሉን ቁልፍ ማን ይይዛል?»

«ኮሪደሩ ላይ ሚስማር ላይ ይውላል። እስከ ትናንት ድረስ እዚህ ቤት ሰው ሰውን አይፈራም ነበር።»

ከግድግዳው ወዲያ የሳሎኑ ሰዎች ድምፅ ይሰማል፤ አንዱ ይስላል፣ ወንበር ይንፏቀቃል። አራቱ እንግዶች እሑድ ከሄዱ ወዲህ ጉሙ ስላልተገለጠ ወደ ሎጁ የገባም ከሎጁ የወጣም እንግዳ የለም። የገደለው ሰው አሁን እዚያ ቁጭ ብሎ ሻይ እየጠጣ ነው። ከደቂቃዎች በፊት ለእማማ ቋጠሮ ስኳር ያቀበላቸው እሱ ሊሆን ይችላል። ገመዱን ጠቅልለው ለኢንስፔክተሩ አስያዙት።

«ለማንም ትንፍሽ እንዳትል» አሉት።

ወደ ሻንጣ ክፍሉ ሄደው በሩን በጉልበታቸው ነካ ነካ አደረጉት።

«ሚጣ።»

«አያቴ! ሂጂ ከዚህ፣ አታናግሪኝ። ቃሌን ሰጥቻለሁ፤ አለቀ።»

«ቃልሽን በኋላ እደርስበታለሁ። ትናንት ሸረሪትን ውረድ ያለው ማን ነው?»

«ዶክተሩ ነዋ። የጎጆው ካሜራ ባትሪ አልቋል ብሎ። ሸረሪት አልፈለገም ነበር፤ ከሰዓት በኋላ የዱር እንስሳት ጠባቂዎቹ ጋ ሊወርድ ነበር።»

«ለምን ጉዳይ?»

«አልነገረኝም። ‹ይህ ነብር አውሬነቱን እየረሳ ነው፤ አንድ ቀን ሰው ይበላል› ብቻ ነው ያለኝ። ሊናገርም ወስኖ ነበር። አያቴ፣ በናትሽ ተዪኝ። እኔ ወጣት ነኝ፤ እስር ቤት አይገድለኝም። አንቺን ግን...»

«አፍሽን ዝጊ» አሉ እማማ ቋጠሮ፤ ከዚያ ግንባራቸውን ለአፍታ በሩ ላይ አስደገፉ።

ሳሎን ውስጥ ሦስት ሰዎች አሉ። የሎጁ ባለቤት ግራ እጁ በፋሻ ተጠቅልሏል፤ ምድጃ ነው ያቃጠለኝ ይላል። ነብር ልታነሳ ከሩቅ የመጣችው ፎቶ አንሺ ጓንቷን ቤት ውስጥም አታወልቅም፤ ብርድ አልቻልኩም ትላለች። ሦስተኛው የነብር ተመራማሪው ዶክተር ነው፤ ጺሙ በጥንቃቄ የተከረከመ፣ ድምፁ ለስላሳ። ሦስት ዓመት እዚያ ተቀምጦ «የዚህ ተራራ ነብር በገዛ ፈቃዱ ከሰው ጋር ይላመዳል» ብሎ ጽፏል። እንግዳ የሚጎርፈውም በዚያ ጽሑፍ ነው። የሻይ ብርጭቆውን በመሃልና በቀለበት ጣቱ ከጠርዙ በኩል አንጠልጥሎ ይዟል፤ አውራ ጣቱ ወደ ውጭ ቀርቷል።

እማማ ቋጠሮ ከፎቶ አንሺዋ አጠገብ ተቀመጡ። «ልጄ፣ ነብሩን ስንት ቀን አነሳሽው?»

«አሥራ ሁለት ቀን፣ እማማ። አንድም ቀን አልቀረብኝ። ‹አሥር ሰዓት ላይ ነብር ማያ ዳሱ ውስጥ ሁኚ፣ ይመጣል› ይለኛል ዶክተር፤ ከች ይላል።»

«ሰዓት አስሯል እንዴ ነብሩ?»

ፎቶ አንሺዋ ልትስቅ ብላ ተወችው።

«እማማዬ» አለ ዶክተሩ ፈገግ ብሎ፣ «የእንስሳት ልማድ የሚባል ነገር አለ። በጥናት የተረጋገጠ ነው። ለእርስዎ ለማስረዳት ትንሽ ይከብዳል።»

«ይክበድ ግድ የለም። ፍየሎችህስ? አምስት ነበሩ።»

«ለጥናት ነው ያስመጣኋቸው። አለቁ።»

«በጥናት አለቁ?»

ባለቤቱ ፍርሃት ያነቀው ሳቅ አመለጠውና በፋሻ በተጠቀለለው እጁ አፉን ያዘ። ዶክተሩ አልሳቀም።

እማማ ቋጠሮ ብድግ አሉ። «ኢንስፔክተር፣ ማያ ዳሱ ድረስ ትሸኘኛለህ?»

«አሁን? ነብሩ ደጅ ነው!» አለች ፎቶ አንሺዋ።

«እሱ ባይኖር ምን ልይ ብዬ እሄዳለሁ?»

ከሎጁ እስከ ዳሱ ሁለት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። በዚያ ጉም ግን ከጥቂት እርምጃ ወዲያ ምንም አይታይም። እማማ ቋጠሮ አንድ ገመድ ወገባቸው ላይ አሰሩና ሌላውን ጫፍ ኢንስፔክተሩ ወገብ ላይ ቋጠሩ። እሱ ሽጉጡን መዝዟል፤ ትንፋሹ ይሰማቸዋል። ድንጋይ በተንኳኳ ቁጥር ሁለቱም ቀጥ ይላሉ። እማማ ቋጠሮ የሚራመዱት ሻንጣ ክፍሉን እያሰቡ ነው።

ከዳሱ ፊት ለፊት ጎንበስ ብለው መሬቱን ዳሰሱት። ሣሩ ተግጦ ተላጭቷል። በእጃቸው እየዳበሱ ዳሩን ተከተሉት፤ ክብ ነው፣ አውድማ የመሰለ። መሃሉ ላይ እስከ አንገቱ የተቀበረ የብረት ካስማ አገኙ፤ ገመድ ፈትጎት አብለጭልጯል። የፍየል በጠጥ፣ የደረቀ ደም፣ አንድ የተሰበረ ቀንድ።

«ታስሮ የጋጠ ፍየል እንዲህ ክብ አድርጎ ነው የሚግጠው» አሉ በሹክሹክታ። «ልማድ ያለው ይህንን ነው። እያበላ ነው ያስለመደው።»

ወገባቸው ላይ ያለው ገመድ ቀስ ብሎ ተወጠረ። ቀና አሉ።

ነብሩ አሥር እርምጃ ርቆ ተቀምጧል። አላደባም፣ አላጓራም፤ ማዕድ እስኪቀርብ እንደሚጠብቅ እንግዳ ጅራቱን እግሩ ላይ ጠምጥሞ ተቀምጧል። ጎኑ ገብቷል። ሰው አይቶ የሚሸሽ አውሬ ቢሆን እንዴት ደስ ባላቸው!

«እጄን ነው የሚያየው» አሉ እማማ ቋጠሮ፣ ድምፃቸው ተቆራርጦ። «ምን ይዤለት እንደመጣሁ እያየ ነው።»

«አይሩጡ።»

«በምን እግሬ?»

ጀርባቸውን ሳይሰጡት ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ ሄዱ። ነብሩም ተነሳና በዚያው ልክ፣ እርምጃ በእርምጃ ተከተላቸው። የሎጁ በር ከኋላቸው ተከፍቶ ፖሊሶቹ ጎትተው ሲያስገቧቸው ጥፍሩ ደረጃው ላይ ሲፋቅ ሰሙት።

እማማ ቋጠሮ ውኃ ጠጡ። አንዴ ደገሙ። ከዚያ «ሰብስብልኝ» አሉ።

ሁሉም ሳሎኑ ውስጥ ተቀመጡ፤ አንዱ ፖሊስ በሩ ላይ፣ ሌላው መስኮቱ ላይ ቆመ። መሸት ሊል ነው። ከደጅ መጋዙ ይሄዳል፣ ይመለሳል።

«ሸረሪት የሞተው ገመዱ ሃያ ክንድ ስለተቆረጠ ነው» ብለው ጀመሩ እማማ ቋጠሮ፤ ቆመዋል። «ሚጣ ቀይዋን ክር ቀለበቱ ላይ ነው ያዋለችው፣ እንደ ወጉ። ክሯም በቦታዋ ነበረች። ያ ሰው ክሯን ሳይነካ አንዱን ጫፍ ብቻ ቆረጠ፤ ክር እንደምናምን ያውቃላ! በዚህ ገደል ቋጠሮ እንደማናስርም ያውቃል። ከእኛ ጋር ከርሟል ማለት ነው።»

«እኔም ከርሜያለሁ» አለ ባለቤቱ ላብ እያሰመጠው። «እና ምን ልትሉ ነው?»

«አንተ መቼ ዝም ብለህ ሰምተህ ታውቃለህ? ሁለተኛ፣ ሸረሪት ትናንት ከሰዓት ጠባቂዎቹ ጋ ሊወርድ ነበር። ነብሩን ፍየል እያሰረ የሚያበላው ሰው እንዳለ ደርሶበታል። ካስማውን አሁን በእጄ ነክቼው መጣሁ። ነብሩ ሁለት ቀን ጦሙን ቢያድር ጊዜ ምሳውን ፍለጋ ደጃችን መጣ። አሥር ሰዓት ብሎ የቀጠረው ሰው አለ።»

ፎቶ አንሺዋ ቀስ ብላ ወደ ዶክተሩ ዞረች። «‹በገዛ ፈቃዱ ይመጣል› አልከኝ። አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ አጠገቤ ሥጋ አስረህ...»

«ይህ ሁሉ ወሬ ነው» አለ ዶክተሩ። «ፍየል ማሰር ነፍስ ማጥፋት አይደለም። ገመዱን እኔ ለመቁረጤ ምን አላችሁ?»

«ጣትህ አለን» አሉ እማማ ቋጠሮ። «የቆረጠው ሰው የቀለጠውን ናይለን በአውራ ጣቱ ጨምቆታል። ኢንስፔክተር፣ ቀለምህን አምጣው። ዛሬ ሁላችሁም የምትፈርሙት እንደ እኔ ነው።»

ባለቤቱ ቶሎ ብሎ ፋሻውን ፈታ። ቃጠሎው መዳፉ ጀርባ ላይ ነው፤ አውራ ጣቶቹ ወረቀቱ ላይ ምሉዕ ሆነው ታተሙ። ፎቶ አንሺዋ ጓንቷን አውልቃ ብርድ ያጠቆራቸውን ጣቶቿን ነከረች፤ የእሷም ምሉዕ ነው። እማማ ቋጠሮም አተሙ፤ ሠላሳ ዓመት ገመድ የፋቀው ጣት መስመሩ ቢሳሳም አልተቋረጠም።

ዶክተሩ እጁን ኪሱ ከተተ። «እኔ የተማርኩ ሰው ነኝ። ቅድም በብዕር ፈርሜያለሁ። አሻራ የመሃይም ነው።»

«እንግዲያው መሃይሟ ትለምንሃለች» አሉ እማማ ቋጠሮ።

«ጣትህን» አለ ኢንስፔክተሩ።

ሁለት ፖሊሶች ነበሩ የያዙት። የቀኝ አውራ ጣቱ ከወረቀቱ ላይ ሲነሳ ዙሪያው ብቻ ታተመ፤ መሃሉ የባቄላ ፍሬ ያህል ባዶ ነው። ቆዳው ተገሽልጦ ያብለጨልጫል። ኢንስፔክተሩ የገመዱን ጫፍ አምጥቶ ጣቱን ጎድጓዳው ላይ አሳረፈው። ልክክ አለ።

«ሻይ አቃጠለኝ» አለ ዶክተሩ። ድምፁ ልስላሴውን ጥሎታል።

«እሺ፣ ሃያውን ክንድስ?» አሉ እማማ ቋጠሮ። «ምድጃ ውስጥ ቢገባ የናይለን ሽታ ቤቱን ይሞላው ነበር። ገደል ቢጣል ከሬሳው ጋር ይገኝ ነበር። ሩቅ ወስዶ እንዳይቀብረው ያስለመደው ነብር ደጅ ቆሞ አላስወጣ አለው። ስለዚህ እዚሁ ነው። ሰው የማይከፍተው ነገር ውስጥ።» ጥግ ላይ ወዳለችው ነጭ የማቀዝቀዣ ሣጥን በአገጫቸው ጠቆሙ። «እሷ ላይ የተጻፈው ምንድን ነው?»

«‹የነብር ደም። በሽታ አለው። እንዳትከፍቱ› ነው የሚለው» አለ ባለቤቱ። «እኔ በበኩሌ አጠገቧ አልደርስም።»

«እኔ ማንበብ አልችልም። ክፈቷት።»

ከላይ ጥቂት ብልቃጦች ነበሩ። ከብልቃጦቹ ሥር ሰማያዊው ገመድ እንደ እባብ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ፎቶ አንሺዋ ጮኸች።

ዶክተሩ ወንበሩ ላይ ተዘረፈጠ። «ሦስት ዓመት» አለ ሣጥኗን እያየ። «ሦስት ዓመት የለፋሁበትን በአንድ ቀን ሊያፈርሰው ነበር። ለምኜው ነበር። ‹ሰው ከሚበላ አንተ ብትዋረድ ይሻላል› አለኝ።» ከዚያ እማማ ቋጠሮን ቀና ብሎ አየ። «እናንተ ደግሞ በአንዲት ክር ላይ ነፍሳችሁን ታንጠለጥላላችሁ። እንደ እናንተ ያለ ጅል አላየሁም።»

«እናንጠለጥላለን» አሉ እማማ ቋጠሮ።

ካቴናው ገባበት። ባለቤቱ ከሸረሪት ድንኳን ጨርቅ አጠገብ ሄዶ ቆመና እንደ ሕፃን ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። ኢንስፔክተሩ ቁልፉን ይዞ ወደ ሻንጣ ክፍሉ ሲሄድ እማማ ቋጠሮ ቀድመውት በሩ ላይ ደረሱ።

ሚጣ በሻንጣዎቹ መሃል ተኮራምታ ተቀምጣለች፤ ዓይኗ አብጧል። አያቷን ስታይ ልታቅፋቸው ተነሳች። እማማ ቋጠሮ መዳፋቸውን ደረቷ ላይ አድርገው አቆሟት።

«ገመዱን የቆረጠው ዶክተሩ ነው» አሏት። «ተይዟል። ነጻ ነሽ።»

«አያቴ...»

«ቆይ! እቅፍሽን አሁን አልፈልገውም። ዓይኗ ጠፍቷል፣ እጇ ስቷል ብለሽ ነው የዋሸሽው። እኔ ነኝ ገመድ ያስያዝኩሽ፤ ሳትራመጂ ቋጠሮ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ። ይህ ሰውዬ ቢጠራጠረኝ አያውቀኝም። አንቺ ግን እንዴት?»

ሚጣ ደረቷ ላይ ያለውን የአያቷን እጅ ያዘች። «ፈርቼ ነው። አንቺን እንዳይወስዱብኝ ፈርቼ ነው።»

«እኔም ፈርቼ ነበር። ነብር ፊት የቆምኩት ፈርቼ ነው። ፈርቼም ግን አልዋሸሁም።» ወደ ኢንስፔክተሩ ዞሩ። «ወረቀትህን አውጣ፣ ጻፍ።» ከዚያ የልጅቱን አገጭ ይዘው ፊቷን ወደ ብርሃኑ ቀና አደረጉት። «በይ አሁን፣ የፈረምሽበትን ውሸት እዚሁ ፊቴ ቆመሽ አንሺልኝ። ‹ክሯ በቦታዋ ነበረች፤ የአያቴ እጅ አልሳተም› በዪ። ጮክ ብለሽ በዪ፤ እነዚያም ሳሎን ያሉት ይስሙ።»